ሽማግሌ የላክሁባቸው መምህር

ጋሽ ደጀኔ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በልብ ሕመም አርፈዋል። እዚህ ኮሎራዶ፣ በኦሮራም በዴንቨርም ልጆቻችሁን ላስተማሩላችሁ ሁሉ ይህን መናገር ለእኔ አይገባም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንከራከር ኖረን፣ ሳንስማማ ነው የተለያየነው።

በሎውሪ ሰፈር አጠገብ ባለው ትምህርት ቤታችን ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያቸው ተማሪ የለም። በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወሩ፣ ግራ የገባው ልጅ ካለ ጎንበስ ብለው በእርሳስ ያሳዩታል። «አልገባኝም ያለ ልጅ ሥራ ሰጠኝ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወላጆቻቸው ሥራ የሚገቡ ልጆችን ቤተ መጻሕፍት ሰብስበው ያስጠናሉ። እኔ ኤርፖርት ተሳፋሪ ይዤ ሳረፍድ፣ ተማሪያቸው የሆነችውን ልጄን ሊያን ስንት ጊዜ ቤት አድርሰውልኛል።

ጭቅጭቃችን የተነሣው ፈቃደኛ መምህራን ሠልጥነው መሣሪያ ይያዙ የሚል ሐሳብ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ሲቀርብ ነው። ወላጅ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ይያዙ ከሚሉት ወገን ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ መሰለኝ። ልጄ ታጣቂ ገብቶ ቢተኩስ ተብሎ ጠረጴዛ ሥር መደበቅን እንደ ትምህርት ትለማመዳለች፤ በትምህርት ሰዓት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይከዳኛል። ጋሽ ደጀኔ ደግሞ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ከእሳቸው የተሻለ ማን አለ? እምቢ እንዳይሉ ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ ቤታቸው ላክሁ። እኔ እንደ ደንቡ አልገባሁም፤ መኪናዬን አቁሜ ውጭ ጠበቅሁ።

ሽማግሌዎቹ «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» ብለዋቸው ኖሯል። እሳቸው እንግዶቹን በግድ አስቀምጠው፣ ምሳ አቅርበው፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ወጥተው የመኪናዬን መስኮት አንኳኩ።

«ሰው ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይልካል። አንተ ሽጉጥ አስይዙልኝ ብለህ ትልካለህ?»

«ጋሼ፣ ለልጄ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ያውቁበታል።»

«አውቃለሁ። የሳተ ጥይት የት እንደሚሄድም አውቃለሁ። በእኔ ክፍል የትም ቢሄድ ልጅ አለ።»

«ታዲያ ባዶ እጅዎን ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አላውቅም» አሉ። «ለቦርዱም አላውቅም ነው የምለው። አሁን ግባና ምሳ ብላ።»

አልገባሁም። ተናድጄ መኪናዬን አስነሥቼ ሄድሁ። ሽማግሌዎቹን ማን ቤታቸው እንዳደረሳቸው እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አፍራለሁ። ቦርዱም እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሐሳቡን ጣለው።

ባለፈው ዓመት ታጣቂ ገብቷል ተብሎ ትምህርት ቤቱ ሎክዳውን ሆነ፤ በሩ ሁሉ ተቆለፈ። ለፖሊስ የተደወለ የሐሰት ጥሪ እንደነበር ኋላ ተነገረን እንጂ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመን የምንይዝ የምንጨብጠው ጠፍቶን ነበር። ሊያ እንደወጣች ጋሼ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋት።

«ዳድ፣ ላይቱን አጠፉ፣ ከዛ በሩን በጀርባቸው ፑሽ አድርገው ቆሙ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ማመስገንም፣ መጮኽም አማረኝ። በገዛ ሰውነታቸው በር ዘግተዋል። ያ በር ተገፍቶ ቢከፈትስ? ሳገኛቸው ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው እሱን ነው» አሉኝ።

ጋሽ ደጀኔ፣ በቀብርዎ ዕለት ሰው ሁሉ በሰላም ይረፉ ሲልዎ እኔን ቃሉ አልወጣ አለኝ። እርስዎ ሲያርፉ እኔ አላረፍሁም። ሰኞ ሊያ ወደዚያ ክፍል ትገባለች፤ እርስዎ የሉም፣ መሣሪያም የለም። በክርክር አንድም ቀን ረትተውኝ አያውቁም እያልሁ በየሰው ፊት ስኮራ ኖሬያለሁ። አሁን ግን እለምንዎታለሁ፣ ይርቱኝ። እርስዎ ትክክል ይሁኑ፤ እኔ ልሳሳት።