ለጌም ኩባንያ የተላከ ሽማግሌ

ባሕር ማዶ ያለ የጌም ኩባንያ «ስለሠራኸው ነገር በቪዲዮ እናናግርህ» ብሎ ቢጽፍላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ሽማግሌ ይዤ ቀረብኩ።

ጥፋቴን አውቃለሁ። አውቶቡስ በሚነዳበት ጌማቸው ላይ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ከወልዲያ በሲሪንቃ አድርጎ መርሳ የሚገባውን መንገድ ሠርቼ ጨምሬበታለሁ። ለተጫዋቹ ሁሉ በነፃ ለቅቄዋለሁ። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ፍርድ ቤት መጎተታቸውን ሰምቼ ስለነበር እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ መርሳ ውስጥ ስንቱን ደመኛ ያስታረቁትን ሐጂ ይማምን ለምኜ፣ ሞባይል የምጠግንበት ሱቅ ውስጥ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው።

የኩባንያው ሴትዮ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳለች ሐጂ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ልጃችን አጥፍቷል። ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉት» አሏት።

ላብ እያጠመቀኝ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየች።

«መንገዱን ወደነዋል፤ ጌማችን ውስጥ ልናስገባው እንፈልጋለን» አለች። እፎይ ልል ስል ቀጠለች። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። አውቶቡሱ ሲነሳ የሚሰማው የሽማግሌ ድምፅ የማን ነው? ባለቤቱን አስፈቅደሃል?»

ወዲያው ድምፁን ከፈተችው።

«አላህ በሰላም ያግባችሁ! ክፉ አይንካችሁ!» አለ ስፒከሩ።

ሐጂ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ቆመው መንገደኛ ሲመርቁ፣ በስልኬ ደብቄ የቀዳሁት ነበር።

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከዘራቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

«በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «ወደ እኔ የምትልከው ሽማግሌ ፈልግ።»