በቦታ ስም የተጠሩ ፎልደሮች

ቦንጋ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከባልደረባዬ ጋር ለገበሬዎች የዝናብና የአፈር እርጥበት መለኪያ እንሠራለን። መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ኮድ ድራይቨር ይባላል። ባልደረባዬ የዝናቡን ድራይቨር «ሺሺንዳ»፣ የእርጥበቱን ደግሞ «ደካ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስቀመጠው። መሣሪያዎቹ መጀመሪያ የተተከሉት በእነዚህ ቦታዎች ነበርና።

በኋላ መሣሪያዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። አንድ ቀን ደካ ያለው የዝናብ መለኪያ አስቸገረና «ደካ» የሚለውን ከፍቼ እስከ ምሳ ሰዓት ደከምኩ። ለካ ስነካካ ያረፈድኩት የእርጥበቱን ኮድ ነው!

ደሜ ፈላ። «ዕቃ እኮ ይዛወራል! በሚሠራው ሥራ አትጠራውም? ድሮ የት እንደነበር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ባልደረባዬ ወዲያው ፎልደሮቹን «ዝናብ መለኪያ» እና «እርጥበት መለኪያ» ብሎ ቀየራቸው። እኔም ልቤ አረፈ።

ይኼኔ እትዬ የምንላቸው ባለሱቅ ከታች ተጣሩ።

«አንቺ ደካ! ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ!»

ተወልጄ ካደግኩባት ደካ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! ባልደረባዬ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«አቤት፣ እትዬ!» ብዬ ተነሣሁ።