ሽማግሌው አረፈ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አባዬ ለራሱ ለቅሶ የመጡ ሰዎችን በር ከፍቶ ተቀበለ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባዬ የኦክስጅን ማሽን ከታዘዘለት ወዲህ ከቤት አይወጣም። እኔና እሱ ቡሪየን ነን። እህቴ ሰናይት ፌደራል ዌይ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም ጋሽ ከበደ ደግሞ ማውንትሌክ ቴራስ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ከተማ ዙሪያ ነው፣ በመኪና ብዙ አይርቅም። ሁሉም በስልክ «እንመጣለን» ይላሉ... ከዚያ ኦቨርታይም ይመጣል፣ ትራፊክ ይመጣል፣ እነሱ ይቀራሉ። አባዬ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል።

በቀደም «ሰው ስጠብቅ ከምውል ወንዝ ወዳለበት ውሰደኝ። አንድ ቀን ብቻ ልደር» አለኝ።

የሥራ ባልደረባዬ አርቪ አለው፤ አልጋም ምድጃም ያለው መኪና። ተዋስኩት። ችግሩ ወንዙ ዳር ያለው ካምፕ መብራት የለውም፣ የአባዬ ማሽን ደግሞ ሌሊቱን መሥራት አለበት። የምንሄድበትን ካምፕ ለሰናይት ስነግራት ጮኸችብኝ። «ባትሪ አምነህ ነው አባዬን ጫካ የምትወስደው? ማሽኑ ቢቆምስ?»

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ባትሪ ሳነብ ከረምኩ። አርቪው ላይ ያለው ሊድ አሲድ ነው፤ የድሮው ዓይነት፣ ሁለት ሰው የሚያሸክም። ከግማሽ በላይ ከተጠቀሙበት ይጎዳል፣ በብርድ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። አዲሱ ዓይነት፣ ሊትየም የሚባለው፣ ሲሸከሙት ቀላል ነው፣ የያዘውን ሁሉ ይሰጣል ማለት ይቻላል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፣ ብርዱ በረዶ ከሠራ ደግሞ ቻርጅ አይቀበልም። ሊትየም ገዛሁና ሁለቱንም ይዘን አርብ ዕለት ወጣን።

መንገድ ላይ ይህን ሁሉ ለአባዬ አስረዳሁት። ሰማኝና «ኦኬ፣ ገባኝ» አለ። «አንዱ ሽማግሌ ነው። ግማሹን ለራሱ ካልተዋችሁለት ይሞታል። ሌላው ጎረምሳ ነው። ያለውን አውጥቶ ይበትናል፣ ብርድ ሲነካው ግን አልበላም ብሎ ያኮርፋል።»

በዚያው ስም ወጣላቸው። ሽማግሌውና ጎረምሳው።

አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ሳለን ማሽኑ መጮኽ ጀመረ። ሽማግሌው አልቆ ነበር። ገመዱን ወደ ጎረምሳው አዞርኩት... ማሽኑ ተነሳ። አባዬ አልደነገጠም። «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» አለኝ።

ሰናይት እንዳትጨነቅ ብዬ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁና የቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «ሽማግሌው አረፈ።» አስከትዬም «በሊትየሙ ቀጥለናል፣ አባዬ ደህና ነው፣ ራቱን በልቷል» አልኩ።

ሁለተኛው መልእክት ኔትወርኩ ጠፍቶ አልሄደም። እኔም ሳላይ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ።

አባቱን አንቱ የሚል ልጅ ብሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። አባት «አረፉ» ነው የሚባለው፣ ባትሪ «አረፈ»። እኛ ቤት ግን አባትም ባትሪም አንተ ነው።

ጠዋት አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። ሌላ ቆመ... ሌላም። የአርቪው በር ተንኳኳ። አባዬ ቅዳሜ ነው ብሎ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ሄዶ ከፈተ።

ሰናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጋሽ ከበደ ጥቁር ኮት። ከኋላቸው ዘመድ ወዳጁ ሁሉ፣ ለለቅሶ ቤት የሚወሰደውን የታሸገ ውሃና ሶፍት ተሸክሞ ቆሟል። ሰናይት እዚያው ደጃፉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ከበደ «ወንድሜን» ብሎ የጀመረው ለቅሶ አፉ ላይ ቀረ።

አባዬ አንድ በአንድ አያቸው። «ማን ሞቶ ነው?» አለ።



«ባትሪው...» አልኩ ከኋላው ሆኜ። «ባትሪው ነው የሞተው።»

ሰናይት ተነስታ ደረቴን በቡጢ መታችኝ፣ ከዚያ አባዬ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ከበደ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

«ጋሼ...» አለ። «ልመጣ እያልኩ እኮ ነው።»

«መንገዱ ይርቀኛል ስትል ነበር» አለው አባዬ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ከቤቴ ይሄ ጫካ ቀረበህ?»

ጋሽ ከበደ ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። ያኛው እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። አባዬ እስኪበቃን ጠበቀና «በሉ ግቡ» አለ። «ያመጣችሁትን ውሃ እንጠጣው። ለእኔ ጊዜ ሌላ ትገዛላችሁ።»

እስከ ማታ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ወንዙ ዳር ከብበውት ዋሉ፣ አባዬም ወንዙን መስማቱን ረሳው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የቱ ባትሪ ይሻላል ብሎ ይጠይቀኛል። ሊትየም ግዙ፣ አልዋሽም። ሰው የሰበሰበልን ግን ሽማግሌው ነው።