የመጋዘኑ መታጠፊያ

ሹፌርነቴን ካቆምኩ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ላይ የቀረችኝ ክብር አንዲት መታጠፊያ ነበረች። ወደ እህል መጋዘኑ የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው የሰው አጥር። እኔ ራሴ በጉልበቴ ዘመን ወደ ኋላ ሳልመለስ ገብቼበት አላውቅም። ልጄ ከቡሬ በቆሎ የምታመላልስበት የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ደግሞ ከእኔ አሮጌ መኪና ይረዝማል። ስለዚህ መምጣቷን በሰማሁ ቁጥር ከአጥሩ ሥር ቆሜ እጄን እያወዛወዝኩ፣ «መሪውን ስበሪው፣ መልሺ፣ በቃ» እላታለሁ። እሷም እንዳልኳት ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች ትገባለች። ሰንበቴ ላይ «እኔ ባልቆምላት የሰው አጥር ይዛ ትገባ ነበር» እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ቅዳሴው ቆየና ቀደመችኝ። ቦይ ውስጥ ገብታ እንዳላገኛት ጋቢዬን ሰብስቤ እየተጣደፍኩ ስደርስ ገና መታጠፏ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ዞሩ፤ የኋላዎቹ ደግሞ ወደ ቀኝ። የሆነ ነገር የተሰበረ መሰለኝ። ያ ረጅም መኪና ግን ባለበት ዞሮ፣ አንዴም ሳይመለስ ገባ። ጭራው ብቻ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ እኔ ሁልጊዜ የምቆምባትን ቦታ ጠርጎ አለፈ።

ዘበኛውን ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እርስዎ በሌሉ ቀን ሁሌም እንዲህ ነው የምትገባ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «እርስዎ ሲቆሙ ግን ጭራው እንዳይመታዎ የኋላውን ጎማ ቀጥ አድርጋ ትቆልፈዋለች። እንዳትነግሩብኝ ብላን ነው።»

«ብላን» ነው ያለው፤ «ብላኝ» አይደለም። ለካ ጫኝና አውራጁ ሁሉ ያውቃል። በሰንበቴ ያወራሁት እየመጣብኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አጋዥ ነኝ ስል እንቅፋቷ ሆኜ ኖሬያለሁ።

በማግስቱ «ግቢ፣ እኔ አላስፈልግሽም» ልላት ቆርጬ ሄድኩ። መጣችና ቆመች። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ደርቋል። አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣

«አባባ፣ ያሳዩኝ እንጂ» አለች።

አውራጆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩናል። አፌ እንቢ አለኝ፤ እጄ ተነሣ። «ስበሪው» አልኳት፣ «መልሺ።» መለሰች። እንደገና መለሰች። ገብታ ስትወርድ ወደ እኔ መጥታ፣

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችኝ።

«አብሮ ይስጠን» አልኳት። ዓይኗን ግን ማየት አልቻልኩም።