ከአያቴ ወዲያ አላውቅም

ማኅተሙ የሚንጠለጠለው በሰብሳቢው አንገት ላይ ነበር። በቆዳ ከረጢት አድርገው ከማተባቸው አጠገብ አስረውታል፤ ሲበሉም፣ ሲተኙም፣ ሲያስቀድሱም አይለያቸውም። ከረጢቱ ከላብና ከቅቤ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ወረቀት ላይ ማኅተም ማሳረፍ ሲፈልጉ ከጉያቸው መዘዝ ያደርጉና "እህ" ብለው ተንፍሰውበት ይጫኑታል። ያ የጠጅና የነጭ ሽንኩርት ትንፋሽ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ዛሬም "እርሳቸው" እያልሁ የምጽፈው እናቴ ያስለመደችኝ አንደበት አልለቅ ብሎኝ እንጂ ክብር ተርፎኝ አይደለም።

እርሳቸው የሚሰበስቡት የሒሳብ ሠራተኞች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ የሚባለውን ነበር። በንጉሡ ዘመን ነው። እኔ ወገዳ፣ በስማዳ ወረዳ ግምጃ ቤት ተቀጥሬ ገና ሥራውን ስለምድ፣ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ የቦርዱን ፈቃድ ያልያዘ ሰው የመንግሥትም ሆነ የነጋዴ ሒሳብ መያዝ አይችልም፣ እስከ ሐምሌ ፈቃዱን ያላመጣ ይሰናበታል የሚል። ትእዛዙ በራሱ ክፉ አልነበረም። ግብሩን ከፍሎ ደረሰኝ ሳይሰጠው የሚሄድ ስንት ገበሬ እያየሁ፣ እንዲያውም ጎሽ አልሁ።

ሥራው ቢቀርብኝ ግን መመለሻ አልነበረኝም። እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ደብረ ታቦር ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች፣ ስንቅ እያቀበለች ነው ያስተማረችኝ። የምናርሰው የሰው መሬት ነው፤ ከእህሉ እኩሌታውን ለባለ መሬቱ እናገባለን። የሚያስቀው ግን ከወገዳ በታች ያለውን ያን ሁሉ ሜዳ መጀመሪያ ያቀኑት ሰው የእናቴ አባቶች አባት መሆናቸው ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኛ ነን።

በኛ አገር መሬት የሚገኘው ዘር ተቆጥሮ ነው። ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ሳያዛንፍ የቆጠረና ምስክር የቆመለት ሰው፣ በወንድም ይውረድ በሴት፣ ድርሻዬን ብሎ መሟገት ይችላል። እናቴ ቁጥሩን ገና አፌን ሳልፈታ ነው ያስያዘችኝ ማለት ይቻላል። ሽሮ ስታማስል ትቆጥራለች፣ ጥጥ ስትፈትል ትቆጥራለች፣ እኔ እቀበላለሁ። "አንተ ደመወዝህ ላይ ስትቆምልኝ፣ የትልቁን ቤት ሰዎች እከሳቸዋለሁ" ትል ነበር። መሬቱን የያዙት የትልቁ ቤት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ ተማርሁ ባይ ነበርሁ፤ የርስት ሙግት የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ፈቃዱን ፍለጋ ንፋስ መውጫ ወጣሁ። ቦርዱ በወረቀት ላይ አምስት ሰው ነው። አንዱ ሞቷል፤ ማንም አልተካውም። ሌላው ለጉዳይ ጎንደር እንደወረደ ቀርቷል። የቀሩት ሰብሳቢው፣ የአውራጃው ግምጃ ቤት ኃላፊና ጸሐፊው ናቸው። ሰብሳቢው ትልቅ ባለ ርስት፣ ማዕረጋቸው ከስማቸው የሚቀድም ሰው ነበሩ፤ ሒሳብ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ይዘው አያውቁም። የተሾሙት ተደማጭ ናቸው ተብሎ ነው። ኃላፊው ሒሳብ የሚያውቅ ከሲታ ሰው ነው፤ ግን ሰብሳቢው ሲያስሉ እንኳ ብድግ ይላል። ጸሐፊው የሰብሳቢው የክርስትና ልጅ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ጸሐፊው መናገር አያስፈልግም።

ደንቡ ቦርዱ በየሳምንቱ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ይሰብሰብ ይላል። ቦርዱ የሚሰበሰበው ግን ሰብሳቢው ደስ ሲላቸው፣ በገዛ ቤታቸው አዳራሽ ነው። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ማርያም ናት፣ ዛሬ ተዝካር ተጠርተዋል፣ ዛሬ በቅሏቸው አሟታል። እኛ ከጋይንት፣ ከእስቴና ከስማዳ የመጣን ፈቃድ ፈላጊዎች ደጅ እንጠናለን። ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ጧት ጧት ከአጥሩ ሥር ቆመን ያ ንፋስ አጥንታችንን ይልሰው ነበር። ሰብሳቢው ብቅ ሲሉ ሁላችን ጎንበስ እንላለን። ከመካነ ኢየሱስ የመጣ፣ የነጋዴ ሒሳብ የሚይዝ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ቀልደኛ ሰው። የሰብሳቢውን እንጨት ሲፈልጥላቸው ይውልና ማታ መዳፉን እያሳየን "ይኸው፣ የፈተናው የመጀመሪያው ክፍል" ይለናል። እንስቃለን። ስቄ ሳበቃ ግን ራሴን እጸየፍ ነበር፤ እኔም የበቅሎዋን ፋንድያ እጠርግ ነበርና።

በመጨረሻ ተሰበሰቡ። ሒሳቡን ኃላፊው ከበላይ ከመጣ ወረቀት ላይ አነበበልን፤ እኛ ጉልበታችን ላይ ጻፍን። ሰብሳቢው በዚያ ሰዓት የበግ ጎድን ይግጡ ነበር። ወረቀታችን ተሰብስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ማንም አላየውም። ጥቂት ቆይቶ እንደውም አጥንቱን አሳረፉበት። የኔ ወረቀት ከላይ ነበር። ስቡ በመስመሮቹ ላይ ሲሰፋ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ከዚያ ጠባይ የሚባለው ፈተና ቀጠለ። ደንቡ የአመልካቹ ጠባይ ይመርመር ይላል፤ ሰብሳቢው ጠባይን ከዘር ሌላ በምን ይመረምሩታል? "የማን ልጅ ነህ? ቁጠር!" ይላሉ። ሰው ሁሉ እየቆጠረ፣ በአባቱም በእናቱም እየዞረ፣ ከእርሳቸው ጋር የሚዛመድበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። የተዛመደ አንደኛ ደረጃ ይጻፍለታል። የመካነ ኢየሱሱ ጎልማሳ ምንም ቢዞር አልገናኝ ብሎት ሦስተኛ ደረጃ ወጣለት። ሲያልፍ በጆሮዬ "ከቻልህ ተዛመድ" አለኝ።

እኔም የሰብሳቢው ባለቤት የስማዳ ተወላጅ መሆናቸውን ሰምቼ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይኸ ነው። እናቴ ያስያዘችኝን ቁጥር ከሥሩ ጀመርሁ። በአያቷ አልቆምሁም፤ ወደ ላይ ወጥቼ እስከ አቅኚው አባት ደረስሁ። ድምፄ እንዳማረብኝ ይሰማኝ ነበር።

ሰብሳቢው ማኘክ አቆሙ።

"ይኸን ማን አስቆጠረህ?"

"እናቴ ናት፣ ጌታዬ።"

"በሕይወት አለች?"

"አለች፣ ጌታዬ።"

ጺማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ሳቁ። "ለካስ ዘመዳሞች ነን! የኔም ባለቤት ከዚያው ናት እኮ። በል፣ ለፈቃድህ ዋስ ያሻል፤ እናትህን ዋስ አድርገህ አምጣት።" ከሌላው ሰው ዋስ አልጠየቁም። እኔ ይኸን እንደ ክብር ቆጠርሁት። ኃላፊው ብቻ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ።

ስማዳ ወርጄ ለእናቴ ስነግራት እንክርዳድ ትለቅም ነበር። የሰብሳቢውን ባለቤት ስም ስጠራ እጇ ቆመ።

"ያች ናት እኮ" አለችኝ። "የትልቁ ቤት ማለት ያች ናት። መሬቱን የያዘችው እሷ፣ የሚያሳርሰው ባሏ።"

"ልጄ፣ ከባላጋራዬ ደጅ ቆመህ ሙግቴን ከፈትህልኝ? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?" አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፈቃዱ ይቅርብኝ፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ አልኋት። ወፍጮዋን አየች፤ ጣራችንን አየች። ከዚያ "ሐምሌ መቼ ነው የሚገባው?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

አዳራሹ ስንገባ ሰብሳቢው ብቻቸውን አልነበሩም። የስማዳ ሽማግሌዎች፣ ርስታቸው ከዚያው ሜዳ የሆኑ፣ ተጠርተው ግድግዳ ግድግዳውን ተቀምጠዋል፤ ቄስም መስቀል ይዘው አሉ። የሒሳብ ፈቃድ ሊሰጥ! ፈቃዴ ተጽፎ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማኅተሙ ከከረጢቱ ወጥቶ ከጎኑ ቁጭ ብሏል።

"እኅቴ" አሏት ሰብሳቢው፣ በዚያ ቅቤ በጠጣ ድምፃቸው። "ለልጅሽ ዋስ ልትሆኝው ነው። ዋስ ዘሩ መታወቅ አለበት። በይ ቁጠሪ። ቀስ ብለሽ፤ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ።"

ምን እንደፈለጉ አንድም ጊዜ አልተናገሩም። ያንገሸገሸኝ እሱ ነው። መሬትሽን ተይ ቢሏት፣ ሌባ ነህ ብላ መልስ ትሰጥ ነበር። እርሳቸው ግን ወረቀቱን በጣታቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጉት፣ ያን ያህል ብቻ።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ላይ ቆመች። የአባቷን ስም ጠራች። የአያቷን ስም ጠራች። ቆመች።

"ከዚያስ ወዲያ?" አሉ ሰብሳቢው።

"ከአያቴ ወዲያ አላውቅም።"

"ንጉሥ ይሙት በይ።"

"ንጉሥ ይሙት፣ ከአያቴ ወዲያ አላውቅም።"

"ሰማችሁ?"

"ሰማን" አሉ ሽማግሌዎቹ። ከመካከላቸው ሁለቱ ያን ቁጥር ከእናቴ ጋር በልጅነታቸው የቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ያገላብጡ ነበር።

ሰብሳቢው ማኅተሙን አንስተው "እህ" አሉበት። አንደኛ ደረጃ። ሲሰጡኝ የአውራ ጣታቸው ቅቤ ወረቀቱ ጥግ ላይ ታትሞ ቀረ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምሳ ቀረበ። እናቴን ከገበታቸው ሊያበሏት! ጊዜው ፋሲካ ገና ያለፈበት፣ ጾም የሌለበት ነው። እናቴ ግን "ጾመኛ ነኝ" ብላ ወጣች።

ወደ ስማዳ ስንመለስ እስከ ወንዙ ድረስ ከፊቴ ሄደች። ውኃውን ከተሻገርን በኋላ እግሯን እያደረቀች "አንተን አላስማሉህም" አለችኝ። አስምለውኝ ቢሆን የባሰ ይሆን ነበር የምትል መስሎኝ "አላስማሉኝም" አልኋት። ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽሮ ስታማስልም፣ ጥጥ ስትፈትልም ስትቆጥር ሰምቻት አላውቅም።

ፈቃዱ በየዓመቱ ሐምሌ ይታደሳል። በየዓመቱ ንፋስ መውጫ ወጥቼ እዚያ አዳራሽ እቆማለሁ። ሰብሳቢው ሒሳብ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ "እናትህ ደኅና ናት?" ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ "እህ" ይላሉ፣ ይጫኑታል። እኔም እጅ ነሥቼ እወጣለሁ። ከአጥሩ ውጭ ስደርስ ምራቄን እተፋለሁ። ቤተ ሰቤን የማስተዳድርበት፣ የእናቴን ጣራ በቆርቆሮ የቀየርሁበት እንጀራ በዚያ ትንፋሽ ውስጥ ያለፈ ነው።

እናቴ የሞተችው በበልግ ነው። ለቅሶው ላይ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ የትልቁ ቤት መሬት ጠባቂም፣ የሰብሳቢው ወኪል ማለት ነው፣ ከወይራው ሥር ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ለቅሶ ሊደርስ ይሁን ሊያዳምጥ እግዜር ይወቅ። በኛ አገር አልቃሽ ሟቹን በአባቶቹ ታነሳዋለች፤ አንድ በአንድ፣ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ላይ፣ እስከ አቅኚው ድረስ፤ ሕዝቡም እየደረሰ ይቀበላል። አልቃሿ የእናቴን አባት አነሳች፤ ተቀበልናት። አያቷን አነሳች፤ ተቀበልናት። ከዚያ ቆመችና አቀርቅራ ደረቷን መታች።

"ምነው?" አልኋት ቀርቤ።

"እናትህ ታማ ሳለች አዝዛኛለች። ከአያቴ ወዲያ እንዳታነሽኝ፣ ምያለሁ ብላኛለች።"

ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባት የሌላት ይመስል፣ መጤ ይመስል፣ እናቴ በገዛ አባቶቿ መሬት ላይ በአያቷ ቀርታ ልትቀበር ነው። ያን ጊዜ ነው የወንዙ ዳር ቃሏ የገባኝ።

አስከሬኑ ዘንድ ሄድሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ቅድመ አያቷን ጠራሁ። አልቃሿ ቀና ብላ አየችኝ። ደገምሁላት። ተቀበለችኝ፣ ዜማ ሰጠችው፣ ሕዝቡ ደረቱን መታ። ቀጣዩን ጠራሁ። ቀጣዩን። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ "ሰማን" ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ እያለቀሰ ከኔ እኩል ይቆጥር ነበር። አቅኚው አባት ላይ ስንደርስ ሜዳው ሁሉ እየየ አለ።

ወኪሉ ሰውን እየገፋ መጣና ክንዴን ያዘኝ። "አንተ ሰው! የጌታዬ ማኅተም ያለበት እንጀራ እየበላህ? እናትህ እኮ ከአያቴ ወዲያ አላውቅም ብላ በንጉሥ ምላለች!"

ሐምሌ ሩቅ አልነበረም። ፈቃዴ እንደማይታደስ እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። እጁን ከክንዴ ላይ አነሳሁት።

"እሷ ምላለች" አልሁት። "እኔ አልማልሁም።"