ባዶ የመሰለኝ ክፍል

ባለፈው ሳምንት ራዲዮዬን ላስጠግን ጊንጆ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጠጋኙ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቶ ሲያስነሳ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ማራገቢያው አስም እንዳለበት ሰው ሳል ሳል ብሎ መዞር ሲጀምር ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

"አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ።

"ኀፍረት ነው፤ የቆየ ነው" አልኩት።

ላጫውትህ። ያኔ ፀጉርም ነበረኝ። እዚሁ ጅማ፣ ቡና በሚቀመስበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ኃላፊ ነበርኩ። በእጄ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ የሚቀመጥበት አንድ ሰርቨር ብቻ ነው፤ እኔ ግን የክፍሉን ቁልፍ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ስንጎራደድ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር የምመስለው። አዲስ አበባ ሄጄ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሲስተም ተምሬ ተመልሻለሁ። ሰርቨሩ የሚሠራው ደግሞ ሶላሪስ በሚባል በሌላ ሲስተም ነው። ሁለቱም የዩኒክስ ዘር ናቸው፣ ትእዛዞቻቸውም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንዱን ያወቀ ሌላውንም አወቀ ብዬ ደመደምኩ። መመሪያ ማንበብ የፈሪ ሥራ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያ ሰርቨር ውስጥ የነበረው ትልቁ ሀብት የቡና ቀማሿ ቃላት ነበሩ። ሴትዮዋ ከሰቃ፣ ከሰኮሩና ከየአካባቢው የመጣውን ቡና በማንኪያ ፉት ብለው ምላሳቸው ላይ ያንከባልሉትና ይተፉታል። ከዚያ የየመንደሩ ቡና ምን ምን እንደሚል ይጽፋሉ። ዘመናቸውን ሙሉ እንዲህ ጽፈዋል። በዚያ ዓመት ታመው ሲነሱ አፍንጫቸው ማሽተት አቆመ፤ ጡረታ ሊወጡ ሆነ። ለተተኪዎቻቸው የሚቀረው የጻፉት ብቻ ነው።

በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው፣ ጽሑፉን እንዳትምላቸው ጠዋት መጡ። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ አላትምም አለ። ዲስኩ በቁጥር የተከፋፈለ ነው። ሳየው፣ ሁለት ቁጥር ክፍል ማንም የማይጠቀምበት መሰለኝ።

"ይዩልኝ እትዬ፣ ይህን የሚያህል ባዶ ቦታ አስቀምጠው ጠበበን ይላሉ።"

"ማሎ፣ እባክህ የእኔን እንዳትነካብኝ።"

"እርስዎ ለቡናው ይጨነቁ።"

ፎርማት አደረግኩት፤ ጠርጌ ባዶ አደረግኩት ማለት ነው። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእርግጠኛነት በቀር ምንም አልነበረኝም። ለካ በሶላሪስ ልማድ ሁለት ቁጥር የሙሉው ዲስክ መጠሪያ ነው። ትርፍ ክፍል አገኘሁ ብዬ ቤቱን በሙሉ አፈረስኩት። የስሕተት መልእክት በማያው ላይ ይንጋጋ ጀመር። ከዚያ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ቅጂ ይዘሃል አይደል?" አሉኝ ከኋላዬ።

"ነገ ልይዝ ነበር።"

አልጮሁም። "ሰው አልሞተም፣ አልሃምዱሊላህ" አሉና ሻሻቸውን አስተካከሉ። ምነው በጥፊ ባሉኝ።

ከሰዓት በኋላ የሰቃ ቡና አስቀረቡና ከጎኔ ተቀመጡ፤ የሚያስታውሱትን ሊነግሩኝ፣ እኔ ልጽፍ። ፉት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጠበቁ። ምንም አልመጣላቸውም። ሲኒውን ወደ እኔ ገፉት።

"አንተ ቅመሰው። ከነገርከኝ ቃሉ ይመጣልኛል። ምን ይላል?"

ዕድሜ ልኬን ቡና በስኳር ክምር ነው የጠጣሁት። አጣጣምኩ፣ ተጨነቅኩ፣ አላበኝ።

"ቡና ቡና ይላል።"

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ኤዬ፣ በል ጻፈው" አሉ። ጻፍኩት። በባዶው ዲስክ ላይ የመጀመሪያው መስመር እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሲስተም ቀያይሬያለሁ። አዲስ በመጣ ቁጥር መመሪያውን እንደ ፊደል ቆጣሪ በጣቴ እየተከተልኩ ስለማነብ፣ ጥንቁቅ የሚል ስም ወጣልኝ። እኔ ጥንቁቅ! የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ጽሑፍ ያን ያህል ዘመን ስጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላነበብኩትም። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም።

አሁን ስኳር ትቻለሁ። የሰቃ ቡና ሲመጣልኝ የመጀመሪያውን ጉንጭ ምላሴ ላይ አቆየዋለሁ። ከምሬቱ ኋላ አንድ ነገር አለ፤ ዝናብ የመታው ቅጠል እንዳልለው ይጣፍጣል፣ ማር እንዳልለው ቶሎ ይሸሻል። እሳቸው ቃል ነበራቸው። ዛሬ ምን ይላል ቢሉኝ፣ ትንሽ ይታገሱኝ እትዬ፣ ልደርስበት ነው እላቸው ነበር።

የሚጠይቀኝ ግን የለም።