ከዩኒፎርሙ ጨርቅ የተሰፋ ሂጃብ

የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የወጣው ከልብስ ሰፊዋ መኪና ሥር ነው። «ወገቡን አጥብቢልኝ» የምትል ቀበጥ ብትመጣ «እሱስ ይጠባል፤ ምሳሽን የት ልታደርጊው ነው?» ብላ ቤቱን በሳቅ ትሞላዋለች።

ዘንድሮ ግን ሳቅ የሚነሳ መመሪያ መጣ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሃይማኖት ልብስ ክልክል ነው ተባለ። ልጇ ደግሞ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ፀጉሯን ሳትሸፍን ደጅ ወጥታ አታውቅም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል።

እናት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በእሷ ሙያ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው አልገጥም ያለ ቀለም ነው። ስለዚህ ከዩኒፎርሙ ጥቅል ላይ ቆርጣ፣ በዚያው ሰማያዊ ክር ሂጃብ ሰፋችላት። ይባስ ብላ የትምህርት ቤቱን ዓርማ ለጠፈችበት። ምን ታድርግ፣ የሚያምርላት መስሏታል!

በፈተናው ጠዋት እናትና ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ርዕሰ መምህሩ ሂጃቡን አይቶ ደነገጠ።

«እትዬ፣ ምነው ጉድ ሠሩኝ? ዓርማ ለጥፈውበት! ተራ ሻሽ ቢሆን ተፈታኝ ናት ብዬ እለምንላት ነበር። አሁን ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ ሃይማኖት አለበሰ ነው የሚባለው። ነገ ሌላው ወላጅ የራሱን ይዞ ቢመጣ ምን እመልሳለሁ?»

«ዓርማውን አሁኑኑ እተረትረዋለሁ፤ መቀስ ይዣለሁ።»

«የፈተናው ተቆጣጣሪ እኮ አይቶታል። አውልቃ ትግባ። አምስት ደቂቃ ነው የቀራት።»

ያለውም እንደ ልመና ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰድባው ይወጣላት ነበር።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጨብጣ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። አውልቂ ካልሽኝ አወልቃለሁ። ብቻ አንቺ በይኝ።»

አውልቂ ብትላት፣ ልጇ ዕድሜ ልኳን ያስወለቀችኝ እናቴ ናት ትላለች። እንመለስ ብትላት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ፤ ሐኪም እሆናለሁ ያለችው ልጅ እንደ እናቷ የስፌት መኪና ላይ ልትጎብጥ ነው። እናት እጇን ወደ ልጇ አገጭ ሰድዳ ሂጃቡን የያዘውን መርፌ ቁልፍ ነካችው፤ ከዚያ ተወችው። እንደገና ነካችው።

ደወሉ ተደወለ። እናትና ልጅ ውጭ እንደቆሙ ዘበኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በሩን ገፋው፤ መቀርቀሪያው ገባ።

«እማ፣ በይኝ እንጂ» አለች ልጅቷ።